ኮምፒውተሩ ዝም ያለ ጊዜ

ጥቅምት 4

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለጥድፌ፤

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ሰውነትሽ ጤና፣ ክፍልሽ ሙቅ፣ የአለቃሽም ፊት የተፈታ ሆኖ ያግኝሽ። ፈጣሪ መውጣት መግባትሽን ይጠብቅልኝ። እኔ ተመስገን ደህና ነኝ። ዓይኔ እንደምታውቂው ከልጅነቴ ጀምሮ ሥራ ፈት ነው፤ ጣቶቼ ግን ገና ጡረታ አልጠየቁም።

የምጽፍልሽ በአሮጌው የጽሕፈት መኪና ነውና ፊደል ቢዘል እለፊኝ። የሌላውን ስህተት ሲለቅም የሚውል አራሚ የራሱን ማየት አይችልም፤ ይህ ደግሞ የእኔ ብቻ ሳይሆን የሰው ሁሉ በሽታ ነው።

ያስቸገርኩሽ በኮምፒውተሩ ጉዳይ ነው። ባለፈው ስትመጪ በአንድ ሳጥን ውስጥ ሁለት ሲስተም አስገብተሽልን ሄደሻል። አንዱ የማተሚያ ቤቱ ወረቀቶች የሚሠሩበት የቢሮው ሲስተም ነው፤ ሁለተኛው ሊኑክስ፣ የአማርኛ ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብልኝ። ጠዋት ጠዋት አክስትሽ ታበራዋለች፤ ከሁለቱ አንዱን ምረጡ የሚል ዝርዝር ሲመጣ ሊኑክሱን ትመርጥልኛለች፤ ያ ለፍላፊ ድምፅ ሲነሣ እኔ ወንበሬን እስባለሁ። እኔ ከዚህ በፊት ዝርዝር የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ ልብ ብዬ አላውቅም ነበር።

ሰሞኑን የቢሮው ሲስተም ራሴን ላድስ ብሎ ግማሽ ቀን ሲያጉረመርም ዋለ። ከዚያ በኋላ ሲበራ ዝርዝሩ አይመጣም፤ በቀጥታ ወደ ቢሮው ይገባና ጭጭ ይላል። ይህን የነገረችኝ ጎረቤታችን ነርሷ ናት፤ ስክሪኑን አይታልኝ። የጥገና ቤቱን ሰው ብጠራው፣ «ያለውን ሁሉ አጥፍተን እንደ አዲስ እንጫነው» አለኝ። «ወንድሜ፣ ጥርሱን ላመመው ሰው ጭንቅላትህ ይቆረጥ ይባላል ወይ» ብዬ ሸኘሁት።

የምሠራው የስምንተኛ ክፍል የሳይንስ መጽሐፍ በሊኑክሱ በኩል ነው ያለው። ታርሞ፣ እንደ እኔ ያሉ ዓይነ ስውራን በጣት በሚያነቡት በብሬል ታትሞ፣ ከፈተና በፊት ለተማሪዎቹ መድረስ አለበት። ስለዚህ እንዴት አድርጌ እንደማስነሣው ጻፊልኝ። መልስሽን ግን በብሬል ውጊልኝ። በስልክ ስትነግሪኝ አንዱን ስይዝ አንዱ ያመልጠኛል፤ ወረቀት ከሆነ በግራ እጄ እያነበብኩ በቀኝ እጄ እጫናለሁ።

አክስትሽ ጉሮሮዋን ትንሽ ደከም ብሏታል እንጂ ሰላም ብላሻለች። ለእኛ ብለሽ አትጨነቂ፤ ሥራሽን አጥብቀሽ ያዢ።

አጎትሽ

*

ጥቅምት 26

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ጋሼ፤

እድሜዎ እንደ ትዕግሥትዎ ይርዘም። እኔም በሰው አገር ደህና ነኝ። ክፍሌ ይሞቃል፤ የአለቃዬ ፊት ግን እንደ አየሩ ነው፣ ከሰዓት በፊትና ከሰዓት በኋላ ይለያያል።

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ የብሬሉን ሰሌዳና መውጊያ ከሻንጣዬ ሥር ቆፍሬ አወጣሁ። ከቀኝ ወደ ግራ፣ ፊደሉን ገልብጦ መውጋት እጄ የረሳው መስሎኝ ነበር፤ አልረሳውም። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ስወጋ ሰምታ፣ «በግድግዳው ውስጥ የሆነ ነገር እየቆረቆረ ነው» ብላ የቤቱን ባለቤት ልትጠራ ነበር። ስድስት ዓመቴ ላይ ጭንዎ ላይ አስቀምጠው ጣቴን በነጥቦቹ ላይ ሲያስኬዱኝ፣ «ዓይን ላለው ሰው ይህ ምን ያደርግለታል» ያለ ዘመድ ነበር። ይኸው ምን እንደሚያደርግ ዛሬ አየሁ። እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ።

አሁን ወደ ነገራችን። በመጀመሪያ አይዞዎት፤ የጠፋ ነገር የለም። ኮምፒውተር ሲበራ ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው «ማንን ላስነሣ» ብሎ ነው። ያ ዝርዝር ይህን የሚጠይቅ ነበር። የቢሮው ሲስተም ራሱን ሲያድስ ራሱን ከፊት አስቀደመና ዝርዝሩ ተዘለለ። ሊኑክሱ ከነመጽሐፍዎ እዚያው ዲስኩ ላይ ተኝቷል፤ ያጣው የሚቀሰቅሰውን ነው።

እንዲህ ያድርጉ። ሳጥኑን ያብሩ፤ ወዲያው በኪቦርዱ የላይኛው ረድፍ ላይ ካሉት የኤፍ ቁልፎች የመጨረሻውን፣ ኤፍ አሥራ ሁለትን፣ ሳያቋርጡ ቶሎ ቶሎ ይምቱት። ሌላ ዓይነት ዝርዝር ይመጣል፤ ይህ የሳጥኑ የራሱ ነው እንጂ እኔ ያስገባሁት አይደለም። እትዬ ያንብቡልዎት። ሊኑክስ የሚለው ስም ካለ፣ ወደ ታች በሚያወርደው ቀስት እዚያ ድረስ ወርደው ኢንተርን ይጫኑ። ስሙ ከሌለ ምንም ሳይነኩ አጥፍተው ይጻፉልኝ።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ገረመኝ። እትዬ ቤት እያሉ ስክሪኑን ያየችልዎት ነርሷ ናት? ለመጽሐፉስ ቢሆን እትዬ እያነበቡ እርስዎ በጣትዎ እየተከተሉ አይደል ድሮም የምትሠሩት? ጉሮሮአቸው ይህን ያህል ደክሞ ከሆነ ሐኪም ይያቸው። ሰላምታዬን ይንገሩልኝ። ራሳቸው አንድ መስመር ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል፤ የእጅ ጽሑፋቸው ናፍቆኛል።

ልጅዎ ጥድፌ

*

ኅዳር 21

ይድረስ ለጥድፌ፤

የተከበርሽ ሁኚ። ከሄድሽበት የሚያስገባሽ፣ ከተቀመጥሽበት የሚያነሣሽ ጌታ አይለይሽ። ወረቀትሽ ደርሶኛል። ነጥቦችሽ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ብቻ ሦስት ቦታ ቸኩለሽ ደርበሽ ወግተሻል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ላንቺ ነው፤ ስምሽንም ያወጣሁልሽ በከንቱ አይደለም። ቢሆንም ገጹን ሁለቴ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ነው ያነበብኩት። አንዳንዴ ሳላነበው እጄን ጣል አድርጌበት እቀመጣለሁ።

ያልሽውን አደረግሁ። ኤፍ አሥራ ሁለትን እንደ ከበሮ መታሁት። ዝርዝሩ መጣ፤ ነርሷ ከሥራ ስትመለስ አስገብቼ አስነበብኳት። ያለው ስም አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የቢሮው። ሊኑክስ የሚባል የለም። እንዳልሽው ምንም ሳልነካ አጠፋሁት።

መጽሐፉ ቢቆይ ግድ የለም። ቀሪውን ምዕራፍ ማተሚያ ቤቱ ለሌላ አራሚ ሰጥቶልኛል፤ አለቃው ደግ ሰው ነው፣ የተናገረኝም ነገር የለም። አሁን የምለምንሽ ሌላ ነገር ነው። ሊኑክሱ ሲነሣ፣ ሰው የሚጽፈውን ነገር እዚያው በዚያው ቃል በቃል ጮክ ብሎ እንዲያነብ ማድረግ ይቻላል? ደግሞ በአንድ እጅ ብቻ፣ በግራ እጅ፣ መጻፍ ለሚፈልግ ሰው ኪቦርዱ ይመቻቻል? ሁለት ቁልፍ በአንድ ጊዜ መያዝ ሳያስፈልገው ማለቴ ነው። ድምፁም ቀስ ቢል ጥሩ ነው።

ለአንድ ሰው ነው። ቢፈጥን ደስ ይለኛል።

ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ዝም አይነቅዝም ይሉ የለ።

አጎትሽ

*

ታኅሣሥ 17

ለክቡር ጋሼ፤

ቤትዎ በጤና ይሞላ። የእትዬን ደጅ ክፉ ነገር አይርገጠው።

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። የጠየቁኝን ነገር ለመጨረስ ብዬ ከሥራ በኋላ በምሠራበት ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ስቀር ሰነበትኩ። የእርስዎን ሳጥን የመሰለ አሮጌ ማሽን ከመጋዘን አውጥቼ፣ በላዩ ላይ ሁለቱን ሲስተሞች ጭኜ፣ ሆን ብዬ አበላሸሁትና በዓይኔ ላይ ጨርቅ አስሬ ልጠግነው ሞከርኩ። ሦስተኛው ሙከራ ላይ አለቃዬ ገብቶ አየኝ። ምን እንደሆነ ስነግረው ጃኬቱን አውልቆ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ስክሪኑን እያየ ስሳሳት ይነግረኝ ጀመር። ፊቱ እንደ አየር ነው ብዬ ማማቴን መልሼ ውጬዋለሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንዲት ፍላሽ አለች። ውስጧ ራሷን ችላ የምትነሣ ትንሽ ሊኑክስ አለች፤ የምታናግርዎትም በእኔ ድምፅ ነው፤ እያንዳንዷን እርምጃ ራሴ ቀድቼባታለሁ። ሳጥኑ ጠፍቶ ሳለ ይሰኳት። ያብሩ፤ ኤፍ አሥራ ሁለትን ይምቱ። ዝርዝሩ ሲመጣ የፍላሿ ስም ላይ ወርደው ኢንተር ይበሉ። ከዚያ ድምፄን ሲሰሙ አንድ ቁጥርን መጫን ብቻ ነው፤ የተኛውን ሊኑክስ ፈልጋ ታገኘዋለች፣ ዝርዝሩንም ወደ ቦታው ትመልሰዋለች። ጨርሻለሁ ስትልዎት ነቅለው እንደ ገና ያብሩት።

ከዚህ በኋላ ዝርዝሩ በመጣ ቁጥር ሳጥኑ ውስጥ ያለችው ትንሽ ድምፅ ማጉያ ከፍ እያለ የሚሄድ አጭር ዜማ ታሰማዎታለች። ዝም ብለው ከጠበቁ በራሱ ወደ ሊኑክስ ይገባል። ቢሮውን ሲፈልጉ ብቻ ዜማውን እንደሰሙ ቀስቱን አንዴ ወደ ታች፣ ከዚያ ኢንተር። ዓይን ላለውም ለሌለውም አንድ ነው። ይህን ድሮውኑ ሳላደርግልዎት መቅረቴ ያሳዝነኛል፤ ማን እንደሚመርጥልዎት አስቤ ስለማላውቅ ነው።

በግራ እጅ መጻፉንም አመቻችቻለሁ። የተጻፈው ቃል ወዲያው ይነበባል፤ ድምፁንም አዝግሜዋለሁ።

ጋሼ፣ እርስዎ ቀኝ እጅዎ ደህና ነው፤ የጽሕፈት መኪናዎ ምቱ እንደ ድሮው እኩል ነው፣ አይቼዋለሁ። ታዲያ በግራ እጁ የሚጽፈው ማነው? ባለፈው ደብዳቤዎ የእትዬ ሰላምታ አልነበረም። ሊነግሩኝ ካልፈለጉ ሆድ ይፍጀው ብዬ እተወዋለሁ፤ ግን አልተኛም።

ልጅዎ ጥድፌ

*

ጥር 14

ይድረስ ለልጄ ለጥድፌ፤

እጅሽን ይባርከው። አለቃሽንም ይባርከው፤ የማላውቀውን ሰው እንዲህ ከልቤ መርቄ አላውቅም። እናትሽ በሕይወት ኖራ ይህን ብታይልኝ እወድ ነበር።

ተቀመጪና አንብቢው። ክፉ ወሬ አለበት፤ መጨረሻው ግን ደህና ነው፤ ይህን አስቀድሜ ልንገርሽ።

መስከረም ሲያልቅ አንድ ጠዋት አክስትሽ የሳይንሱን መጽሐፍ እያነበበችልኝ፣ እኔ በጣቴ እየተከተልኩ ነበር። ስለ ውሃ ዑደት የሚለው ጋ ደርሰን፣ «ደመናው» አለችና ቆመች። «ደመናው ምን ሆነ» አልኩ። ነጥብ ላይ ስትደርስ ትንሽ የመተንፈስ ልማድ አላት፤ ያ መስሎኝ ጠበቅሁ። ከዚያ ወንበሩ ሲወድቅ ሰማሁ። እየዳበስኩ ሄጄ አገኘኋት። ነርሷን ግድግዳውን ደብድቤ ጠራኋት፤ ወዲያው ሆስፒታል ወሰድናት።

ነፍሷ ተረፈ። ቀኝ እጇና አንደበቷ ግን ተያዘ። የምንላትን ሁሉ ትሰማለች፣ ሁሉም ይገባታል፤ ምላሷ ነው እምቢ ያላት። ጉሮሮዋ ደከመ ያልኩሽ ይህን ነው። ውሸት እንዳይሆንብኝ ቃል መርጬ ነበር፤ ከውሸትም ባሰ መሰለኝ።

እንግዲህ አስቢው ልጄ። እሷ መናገር አትችልም፣ እኔ ማየት አልችልም። ቤት ከተመለስን ወዲህ ለነርሷ በግራ እጇ በወረቀት ላይ ትጭርላታለች፣ ነርሷም ታነባለች። ነርሷ ስትሄድ ግን ሁለታችን እንቀራለን። እጄን ትይዘኛለች፤ አንዴ ስትጨብጠኝ አዎ፣ ሁለቴ ስትጨብጠኝ አይደለም። ራበሽ? አይደለም። በረደሽ? አይደለም። አመመሽ? አይደለም። ታዲያ ምንድን ነው? የማልጠይቃትን ነገር በአዎና በአይደለም እንዴት ትነግረኛለች? ስንት ዓመት አብረን ስንኖር ብሬል አልተማረችም፤ «አንተ ጣት አለህ፣ እኔ ዓይን አለኝ፣ ይበቃናል» ትል ነበር። በቃን ብለን ነበር።

ኮምፒውተሩን ያን ያህል የፈለግሁት ለዚህ ነው። እሷ ትጽፋለች፣ እሱ ያነባል፣ እኔ እሰማለሁ። መጽሐፉን ያስቀደምኩት አንቺን ላለማስደንገጥ ነው። አሳድጋሻለች፤ ብትሰሚ ሥራሽን ጥለሽ እንደምትመጪ አውቃለሁ።

ፍላሿ የመጣችው ቅዳሜ ቀን ነው። ነርሷ ሥራ ላይ ነበረች፤ እስክትመጣ እንጠብቅ ብል አክስትሽ ጠረጴዛውን ትመታ ጀመር። እሺ ብዬ ወንበሯን ወደ ስክሪኑ አስጠጋሁላት። በጠረጴዛው ላይ አንዴ ስትመታ ልክ ነህ፣ ሁለቴ ስትመታ ተሳስተሃል ማለት እንዲሆን ተስማማን። ወረቀትሽን በግራዬ ያዝኩ፣ ፍላሿን ከፊት ሰካኋት፣ አበራሁ፣ ኤፍ አሥራ ሁለትን መታሁ። አንድ ምት። ዝርዝሩ መጥቷል ማለት ነው። ቀስቱን አወረድኩ። ሁለት ምት። እንደ ገና። ሁለት ምት። ሌላ የሚወረድበት የለም። አጥፍተን ደገምን፤ ያው ነው። ሦስተኛው ላይ ተናደድኩና፣ «ሴትዮ፣ ደህና አድርገሽ እይው እንጂ» አልኳት። ባለቤቴን እንዲህ ተናግሬያት አላውቅም።

እሷ ምን አደረገች መሰለሽ፤ ጠረጴዛውን አልመታችም። በግራ እጇ እጄን ያዘችና ወደ ሳጥኑ ሳበችው። ፍላሿን ከፊት አስነቀለችኝ፤ እጄን በሳጥኑ ጎን አዙራ ወደ ኋላ ወሰደችው፣ እዚያ ያለው ቀዳዳ ላይ አስቀመጠችው። ያን ጊዜ ገባኝ። የፊተኛው ቀዳዳ ከተበላሸ ቆይቷል፤ እሷ ታውቃለች፣ እኔ አላውቅም። ሰካሁ፣ አበራሁ፣ ቀስቱን አወረድኩ። አንድ ምት።

ከዚያ ያንቺ ድምፅ ከሳጥኑ ወጣ። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ። አንድን ይጫኑ» አልሽ። አክስትሽ እጄን ወደ ኪቦርዱ ገፋችው። አንድን ተጫንኩ። ፈለግሽ፣ አገኘሁት አልሽ፣ ጨረስኩ አልሽ። ነቀልኩና እንደ ገና አበራሁት። ዜማሽ መጣ። ቆየን። ያ ለፍላፊ ድምፅ ተነሣ። ተነሥቼ ላቅፈው ምንም አልቀረኝም።

ኪቦርዱን ለእሷ ገፋ አደረግሁላት። አንድ ቁልፍ፣ ቆይታ፣ ሌላ ቁልፍ። ስንት ወር ሙሉ ያላወራች ሴት መጀመሪያ ምን ትለኝ ይሆን ብዬ ልቤ ተሰቅሏል። ድምፁ ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል አነበበው።

«ሸሚዝህን ገልብጠህ ለብሰሃል።»

ዳበስኩት። ስፌቱ በውጭ ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የምለብሰው» አልኳት።

ቁልፎቹ ቀጠሉ። «ሆስፒታል ከገባሁ ጀምሮ። ግማሹን ቀን በልኩ፣ ግማሹን ቀን ገልብጠህ። ሐኪሙም አይቶሃል።»

ሳቅሁ። እሷም ሳቀች፤ ሳቋ አልተያዘም፣ ለካ እስከዚያ የሚያስቃት ነገር አጥታ ነው። ስንስቅ ነርሷ ገባችና ሁለታችንንም ምን ነካቸው ብላ ቆማ ቀረች።

ከዚያ ስለ ብዙ ነገር አወራን። ትራሷ ከፍ ብሎባት ኖሯል። ሾርባው ጨው በዝቶበት ኖሯል። የማዶው ክፍል መስኮት አልዘጋ ብሎ ነፋስ ሲያስገባ ከርሟል። እኔ ራበሽ በረደሽ ስል ከርሜ ከእነዚህ አንዱንም አልጠየቅኋትም። በመጨረሻ፣ «ለጥድፌ ነግረሃታል?» ብላ ጻፈች። አልነገርኳትም አልኩ። ድምፁ አነበበ፤ «ዛሬ ጻፍላት።»

ይኸው ጻፍኩልሽ። ያዘገየኝ ፖስታ ቤቱ አይደለም፤ ወረቀቱን አስገብቼ መልሼ ሳወጣ ነው የከረምኩት።

አሁን የምነግርሽን ስሚኝ። እንዳትመጪ። ሐኪሙ እየተሻላት ነው ብሏል፤ እጇን የሚያሠራላት ሰው በሳምንት በሳምንት ይመጣል። ያስፈለገንን ነገር ልከሽልናል። አንቺ ሥራሽ ላይ ሁኚ።

በጣም የሚያመሰግንሽ አጎትሽ

*

የካቲት 6

ለጋሼና ለእትዬ፤

ሁለታችሁንም አንድ ላይ ያኑርልኝ። ከዚህ ሌላ ምርቃት ዛሬ አይመጣልኝም።

ጋሼ፣ ደብዳቤዎን ያነበብኩት በሥራ ቦታ ነው፤ የተበላሹ ስክሪኖች በተደረደሩበት ክፍል ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። መጀመሪያ አለቀስኩ፤ ቀጥሎ በእርስዎ ተቆጣሁ፤ የሸሚዙ ጋ ስደርስ ብቻዬን እየሳቅሁ አለቃዬ አገኘኝ። ተርጉሜ ነገርኩት። እሱም ዞር ብሎ የራሱን ሸሚዝ አየ።

ጋሼ፣ ስላልነገሩኝ አዝኛለሁ፤ አልደብቅዎትም። ግን በደንብ ስመለከተው፣ ነግረውኝ ቢሆን ኖሮ የዚያኑ ቀን ሻንጣዬን አንሥቼ፣ ምንም የማይጠግን እጅ ይዤ ነበር የምመጣው። ፍላሿ አትሠራም ነበር። ስለዚህ ቁጣዬንም ምስጋናዬንም አንድ ላይ ይቀበሉኝ።

ስለ ማሽኑ አንድ ነገር አደራ። የቢሮው ሲስተም እንደ ገና ራሱን አድሶ ከፊት ሊቀድም ይችላል። ዜማው ሳይሰማ በቀጥታ ዝም ካለ፣ ሳይደናገጡ ፍላሿን ከኋላ በኩል ሰክተው ያንኑ ይድገሙ። በመሳቢያ ውስጥ አያስቀምጧት፤ በክር አስረው ሳጥኑ ላይ ያንጠልጥሏት።

እትዬ፣ ከዚህ በታች ያለው ለእርስዎ ነው፤ በእስክሪብቶ የጻፍኩት እርስዎ በዓይንዎ እንዲያነቡት ነው። ትምህርት ቤት በሄድኩበት የመጀመሪያ ቀን የቀሚሴን ቁልፍ አንድ ዝቅ አድርጌ ቆልፌ ስወጣ በር ላይ ያስቆሙኝ እርስዎ ነዎት። ፈትተው ከላይ ጀምሮ ቆለፉልኝና ሂጂ አሉኝ። እስከ ዛሬ ከቤት ከመውጣቴ በፊት ከላይ ጀምሬ እቆጥራለሁ። ያሳደጉኝ እንደዚህ ነው፤ በብዙ ቃል አይደለም። አሁንም ቃል ቢያጥርዎት ለእኔ አይጎድልብኝም።

ፈቃድ ጠይቄያለሁ። አለቃዬ፣ «አሁን ብትይ አሁን፣ ስትወስኚ ንገሪኝ» ብሎኛል። ጋሼ አትምጪ ይላሉ፤ የጋሼን ቃል ጥሼ አላውቅም። እርስዎ ይፍረዱ። ልምጣ ወይስ ልቅር?

ልጃችሁ ጥድፌ

*

የካቲት 28

ለጥድፌ፤

ጤና ይስጥልኝ ልጄ። በግራ እጅ ነው የምጽፈው። ስለዚህ አጭር ነው። ሰላምታውን ረጅም አድርገሽ ራስሽ አንብቢው።

ደህና ነኝ። አጎትሽ ያጋንናል። ወንበሩ አልወደቀም፤ እኔ ነኝ ይዤው የወረድኩት።

የሳይንሱ መጽሐፍ ደረሰ። የቀሩትን ምዕራፎች ማተሚያ ቤቱ መለሰልን። ማሽኑ ያነባል፣ እሱ በጣቱ ይከተላል፣ እኔ ማሽኑ ሲሳሳት ጠረጴዛ እመታለሁ። ንባቡ እንደ እኔ አይደለም። ነጥብ ላይ አይተነፍስም። ደመናውን ግን ጨረስነው። ተማሪዎቹ ከፈተና በፊት ይዘውታል። ነርሷ ከተማሪዎቹ የአንዷን እናት ሆስፒታል አግኝታ ነው የነገረችን።

ምላሴ ትንሽ ትንሽ እየተፈታ ነው። ሦስት ቃል አለኝ። አንዱ ስድብ ነው። እጄን የሚያሠራኝ ሰውዬ ሲያሳምመኝ ወጣልኝ። እሱም ደስ ብሎት አጨበጨበ።

የጻፍሽልኝን አንብቤ ትራሴ ሥር አድርጌዋለሁ። ለአጎትሽ በማሽኑ አላስነበብኩለትም። የእኔ ነው። አለቃሽን አመስግኚልኝ። ላላየኋት ጓደኛሽም፣ ግድግዳው እየተቆረቆረ መስሏት ላልተኛችው፣ ይቅርታ በይልኝ።

አሁን ፍርዱ። አጎትሽ አትምጪ የሚለው ስለማይፈልግሽ አይደለም። አንቺ ስትመጪ የሚያለቅስ መስሎት ነው። ያልቅስ። እኔም አለቅሳለሁ። ሥራሽን ጥለሽ አይደለም፤ ፈቃድሽን ይዘሽ፣ ቀኑን ቆርጠሽ፣ ደርሰሽ ተመለሺ። የመስኮቱንም ነገር የሚያስተካክል ሰው የለም። ኮምፒውተሩን ግን እንዳትነኪው፤ ደህና ነው።

ነይ።

ይህን ስጽፍ ማሽኑ ጮክ ብሎ ስለሚያነብ አጎትሽ ሁሉንም ሰምቷል። መጀመሪያ አጉረመረመ። አሁን አልጋሽን ሊያነጥፍ ሄዷል።

አክስትሽ